መኪናው ያብረቀርቃል፤ የበሩን ሥር ግን ማን አየው?

«የገልፍ መኪና አይዝግም» የሚል አባባል አለ። ሻጭ ይምልበታል፣ ገዢም ያምነዋል። ምክንያቱ አሳማኝ ይመስላል። እዚህ እንደ አውሮፓ በረዶ የለም፤ መንገድ ላይ ጨው የሚበትን የለም፤ ዝናቡም በዓመት የሚጥለው በጣት ለሚቆጠሩ ቀናት ነው። ስለዚህ ከዱባይ፣ ከጅዳ ወይም ከደማም የመጣ መኪና «ቦዲው ንጹህ ነው» ተብሎ ይሸጣል፤ ገዢውም ጎንበስ ብሎ ሳያይ ይከፍላል።

አባባሉ ግማሽ እውነት ነው። ከባሕር ርቀው ለሚገኙ እንደ ሪያድ ላሉ ከተሞች በአብዛኛው ይሠራል። የዱባይ፣ የአቡ ዳቢ፣ የዶሃ፣ የኩዌት፣ የማናማና የጅዳ ነዋሪ ግን የሚኖረው ባሕሩ ዳር ነው። በዚያ ላይ ዝገቱ ሰው በሚያየው ቦታ አይጀምርም። ከሚወዳቸው ቦታዎች አንዱ የበሮቹ የታችኛው ጠርዝ ነው፤ ያውም ከውስጥ በኩል። እኛ በየሳምንቱ የምናጥበውና የምንወለውለው ደግሞ ውጪውን ነው።

የበር ሥር ዝገት የመኪናው ዕድሜ ወይም የባለቤቱ ዕድል ያመጣው ተደርጎ መታየት የለበትም ባይ ነኝ። በዓመት ሁለት ጊዜ አሥር ደቂቃ የሚሰጥ ሰው ይከላከለዋል። ከጀመረ በኋላ ደግሞ በስቱኮና በቀለም ሸፍኖ መሸጥ ጥገና ሊባል አይገባውም፤ ማታለል ነው።

ደረቅ የሚመስለው እርጥብ አገር

ብረት የሚዝገው ውሃና ኦክስጅን ሲያገኝ ነው። ጨው ሲጨመርበት ነገሩ ይፋጠናል። ውሃው የግድ ዝናብ መሆን የለበትም። የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ብረት ላይ ለዓይን የማይታይ ስስ የውሃ ሽፋን ይፈጠራል። የገበታ ጨው ደግሞ እርጥበቱ 75 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ውሃውን ከአየር ስቦ ራሱን ያሟሟል። ማንም ሳያጥበው፣ ዝናብም ሳይዘንብበት፣ የቆመ መኪና ላይ ጨዋማ ውሃ ተሠራ ማለት ነው።

በነሐሴ ሌሊት በሻርጃ ወይም በኩዌት ከቤት የወጣ ሰው ይህን ያውቀዋል። መነጽሩ ጉም ይለብሳል፤ ሸሚዙ ይጣበቃል፤ ንጋት ላይ መኪናው የታጠበ ይመስል ጤዛ ይንጠባጠብበታል። ያ ጤዛ ቀን ሙሉ የተጠራቀመውን አቧራ ይዞ ወደ ታች ይወርዳል፤ በመስታወቱ ጎን አድርጎም ወደ በሩ ሆድ ይገባል።

አቧራውም ተራ አቧራ አይደለም። የገልፍ ባሕር ጥልቀት የሌለው፣ ሙቀቱም ትነቱም ከፍተኛ የሆነ ባሕር ነው። በአንድ ኪሎ የውቅያኖስ ውሃ ውስጥ 35 ግራም ገደማ ጨው ሲኖር፣ በገልፉ ውሃ ግን 40 ግራምና ከዚያም በላይ ይገኛል። ከባሕሩ አጠገብ ደግሞ ሰብኻ አለ። ሰብኻ በዐረብኛ የጨው ሜዳ ማለት ነው። የዓለም የጂኦሎጂ ምሁራን ሌላ ስም ሳይፈልጉለት ይህንኑ የዐረብኛ ቃል ወስደው ይጠቀሙበታል፤ የአቡ ዳቢ ባሕር ዳርቻ ሰብኻም በዘርፉ ስመ ጥር ነው። ነፋስ ሲነሳ ከዚያ የሚመጣው አቧራ ጨውን ተሸክሞ ይመጣል።

በር የተሠራው ውሃ ገብቶ እንዲወጣ ነው

ብዙ ሰው የመኪና በር ውሃ የማያስገባ ይመስለዋል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። መስታወቱ የሚወጣበትና የሚወርድበት ስንጥቅ ላይ ያለው ጎሚኒ መስታወቱን ይጠርጋል እንጂ ውሃን ሙሉ በሙሉ አያግድም። መኪናው በታጠበ ቁጥር ወደ በሩ ሆድ ውሃ ይገባል። መሐንዲሶቹም ይህን ስለሚያውቁ በበሩ የታችኛው ጠርዝ ላይ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ትተዋል። የበሩ የውስጥ ሽፋን ሲነሳ የሚታየው ላስቲክም ውሃው ወደ ተሳፋሪው በኩል እንዳይመጣ ለመከላከል የተለጠፈ ነው።

ችግሩ የሚፈጠረው ቀዳዳዎቹ ሲደፈኑ ነው። ውሃው ይዞት የገባው አቧራ ሥሩ ላይ ይቀመጥና ጭቃ ይሆናል። ጭቃው ቀዳዳውን ይዘጋል፤ ቀጥሎ የሚገባው ውሃ መውጫ ያጣል። ያ ጨዋማ ጭቃ ሳምንታትን እርጥብ ሆኖ ላሜራው ላይ ተለጥፎ ይከርማል።

ቦታውም ለዝገት የተመቸ ነው። የበሩ የውጪ ላሜራ ከታች በኩል፣ ልብስ ሰፊ ጠርዝ አጥፎ እንደሚሰፋው፣ በውስጠኛው ላሜራ ላይ ታጥፎ ይያያዛል። ፋብሪካው ያንን እጥፋት በማጣበቂያና በማሸጊያ ይሞላዋል፤ ሆኖም ቀለም እንደ ልብ የማይደርስበት ጠባብ ቦታ ነው። ማሸጊያው ሲሰነጠቅ ውሃ ይገባል፣ አይወጣም።

ዝገት ከብረቱ ይልቅ ብዙ እጥፍ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ እጥፋቱን ከውስጥ እየገፋ ይከፍተዋል፤ ቀለሙንም እያነሳ ያሳብጠዋል። እኛ ከውጪ ትንሽ አረፋ የመሰለ እብጠት የምናየው ያኔ ነው። እብጠቱ ለእኛ አዲስ ቢሆንም ዝገቱ ግን ከውስጥ ብዙ የቆየ ነው።

«የዛሬ መኪኖች ላሜራቸው ዚንክ የተቀባ ነው» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ፖርሽ 911 ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ፣ አውዲ 100 ደግሞ በ1985 (እ.ኤ.አ.) ዚንክ በለበሰ ቦዲ መሠራት ሲጀምሩ ትልቅ ለውጥ መጥቷል። ዚንክ በብረቱ ፋንታ ራሱን እየበላ ብረቱን ያቆያል። እየበላ የሚያቆይ ነገር ግን አንድ ቀን ያልቃል። ጨዋማ ጭቃ በር ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ያንን ቀን እያቀረበው ነው።

አሥሩ ደቂቃ

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገራችን ሰው። ቅጠሉ እዚህ ላይ በጣም ርካሽ ነው።

በሩን ክፈቱና የታችኛውን ጠርዝ በጣታችሁ ዳብሱት። በባትሪ መብራት ወይም በስልካችሁ መብራት ከሥር እዩት። ቀዳዳዎቹን ታገኟቸዋላችሁ፤ በአንድ በር ላይ ብዙውን ጊዜ ከአንድ በላይ ናቸው፤ በአንዳንድ መኪኖች ላይ በትንሽ ጎማ ተሸፍነዋል። ቀዳዳውን ለመክፈት ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ወይም የእንጨት ስንጥር ተጠቀሙ። ሽቦና ሚስማር ቀለሙን ይፍቀዋል፤ የተፋቀው ቦታ ደግሞ የነገው ዝገት መነሻ ይሆናል።

ከዚያ በአንድ ኩባያ ንጹህ ውሃ በመስታወቱ ውጫዊ ጎሚኒ ላይ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። ውሃው ወዲያው ከሥር መንጠባጠብ አለበት። መጀመሪያ ጭቃ ይወርዳል፤ እየጠራ እስኪመጣ ድገሙት። በኃይል የሚረጭ የማጠቢያ ማሽን ግን ወደ ስንጥቁ አታስጠጉ፤ በሩ ውስጥ የመስታወት ሞተርና የኤሌክትሪክ ሽቦዎች አሉ። በሩ ሥር ያለውን ጎሚኒም ገልበጥ አድርጋችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፤ ከኋላው የሚከማቸው አሸዋ ቀለሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይበላዋል።

ሲታጠብ የዋለ መኪና በሮቹ ትንሽ ተከፍተው በፀሐይ ይድረቁ። እዚህ አገር ፀሐይ በነፃ ነው። ታጥቦ ወዲያው ወደ ቤዝመንት የሚገባ መኪና ውሃውን ይዞ ያድራል። ወደ ባሕር ዳር አሸዋ የነዳ ሰውም በዚያው ቀን የመኪናውን ሥርና የበሮቹን ጠርዝ በንጹህ ውሃ ያጥብ።

ይህ ሁሉ ሲሆን፣ በየሌሊቱ በአንድ ባልዲ ውሃና በአንድ ጨርቅ በርካታ መኪና የሚያጥበውን ሰው መውቀስ አይገባም። እሱ የሚከፈለው መኪናውን እንዲያብረቀርቅ ነው። አንዳንድ ከተሞች የቆሸሸ መኪና መንገድ ላይ ማቆምን ይቀጣሉ፤ ስለ በር ሥር ጭቃ ግን የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ ያንን ማየት የባለቤቱ ሥራ ነው።

ተጨማሪ ጥበቃ የሚፈልግ ሰው የበር ውስጥ ሰም የሚባለውን ቅባት ያስረጭ። ሰሙ በቀጭን ቱቦ በቀዳዳዎቹ በኩል ገብቶ ወደ እጥፋቱ ይሰርጋል። ሁለት ነገር ግን አይዘንጋ። አንደኛ፣ የሚረጨው በሩ ታጥቦ ፍጹም ከደረቀ በኋላ ነው፤ እርጥብ ጭቃ ላይ የተረጨ ሰም እርጥበቱን ቆልፎ ያስቀምጠዋል። ሁለተኛ፣ ከተረጨ በኋላ ቀዳዳዎቹ ክፍት መሆናቸው ይታይ። አንዳንዶች በሰም ፋንታ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ያፈሳሉ። ዘይቱ ጎሚኒውን ያበላሻል፣ አቧራውን ይሰበስባል፣ ያረጀ ዘይት ውስጥ ያለው አሲድም ለብረት ወዳጅ አይደለም። ባይደረግ ይሻላል።

የጎርፍ ነገርም መነሳት አለበት። ሚያዝያ 16 ቀን 2024 (በኤፕሪል) በኤሚሬቶች የዘነበው ዝናብ መመዝገብ ከተጀመረበት ከ1949 ወዲህ ከፍተኛው ነበር፤ አል ዐይን አካባቢ ኸትም አል ሸክላ በተባለው ቦታ ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ 254 ሚሊ ሜትር ተለክቷል። በዚያን ሰሞን ውሃ እስከ በራቸው የደረሰ መኪኖች ብዙ ነበሩ። ወንበሩና ምንጣፉ ደርቆ ሊሆን ይችላል፤ በበሩ ሥር የተቀመጠው ደለል ግን ካልታጠበ በራሱ አይወጣም። እንዲህ ያለ መኪና ያለው ሰው ሽፋኑን አስነስቶ ከውስጥ ያስጥርገው። ላስቲኩ ሳይቀደድ ወደ ቦታው መመለሱንም ይከታተል፤ በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ለጎን ኤርባግ ግጭትን የሚለየው ዳሳሽ በሩ ውስጥ ነው።

ዝገቱ ከጀመረ

ሁሉም ዝገት አንድ አይደለም፤ ሕክምናውም እንደ ደረጃው ነው።

የመጀመሪያው ደረጃ የላይ ዝገት ነው። ቀለሙ ትንሽ ተነስቷል፣ ላሜራው ግን በጣት ሲጫኑት ጠንካራ ነው። ይህን በብርጭቆ ወረቀት የብረቱ ንጣት እስኪታይ መፋቅ ያስፈልጋል። ከጉድጓዶቹ ውስጥ ያልወጣው ቅሪት በፎስፎሪክ አሲድ የተሠራ የዝገት መለወጫ ይቀባል፤ ዝገቱም ወደ ጥቁር ይለወጣል። ከዚያ ኤፖክሲ ፕራይመር፣ ቀለም፣ በመጨረሻም መከላከያ ክሊር ይቀባል። እጥፋቱ በማሸጊያ ይታሸጋል፤ ቀዳዳዎቹ ግን አይነኩም። ፕራይመር ቀብቶ «ቀለሙን በኋላ» ብሎ መተው ልፋትን መጣል ነው፤ ተራ ፕራይመር ውሃ ያሳልፋል። ከውጪ ብቻ ቀብቶ ውስጡን መርሳትም እንዲሁ ነው፤ የዝገቱ ምንጭ ከውስጥ ስለሆነ ተመልሶ ይመጣል።

ሁለተኛው ደረጃ ላሜራው የሳሳበት ወይም የተበሳበት ነው። በጣት ሲጫኑት ይሰምጣል፣ በዊንጭት ጫፍ ነካ ሲያደርጉት ይፈረፈራል። ይህን ቀለም አያድነውም። የበሰበሰው ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበየድበታል፤ ካልሆነም በሩ በሙሉ ይቀየራል። ከመኪና አራጆች ዘንድ፣ በሳዑዲ «ተሽሊሕ» ከሚባለው ሰፈር፣ ጤነኛ በር ማግኘት አንዳንዴ ከብየዳው ይረክሳል። ሲገዛም ሥሩ ይታይ እንጂ ቀለሙ ስለገጠመ ብቻ አይወሰድ።

ሦስተኛው ነገር ከበሩ በታች ነው። በሩ ሲዘጋ የሚያርፍበት፣ ስንወጣና ስንገባ የምንረግጠው ደፍ ውስጡ ባዶ የብረት ሳጥን ነው፤ የመኪናው ጥንካሬ ከሚያርፍባቸው ክፍሎችም አንዱ ነው። የተበሳ የበር ላሜራ በአብዛኛው የመልክና የገንዘብ ጉዳይ ነው። የበሰበሰ ደፍ ግን የሕይወት ጉዳይ ነው፤ ከጎን ግጭት ሲመጣ ሊሸከም የሚገባውን አይሸከምም። ስለዚህ የበሩ ሥር ዝጎ ስታገኙት እሱን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ። ዝቅ ብላችሁ ደፉንም እዩ።

የማስታወቂያው ዐረብኛ

በሥራዬ የመኪና ሽያጭ ውሎችንና ማስታወቂያዎችን እተረጉማለሁ። ከቃላቱ መካከል ወገኖቼ ሊያውቋቸው የሚገቡ አሉ። «ሰብግ ወካላ» ማለት የፋብሪካ ቀለም፣ ያልተነካ ማለት ነው። «መርሹሽ» ማለት ቀለም የተረጨ ነው። «መዕጁን» በአገራችን ስቱኮ የምንለው ነው። «ሰምከሪ» ላሜራ ሠሪው ነው። «ሰደእ» ደግሞ ዝገት ነው፤ ይህ ቃል በማስታወቂያ ላይ አይገኝም ማለት ይቻላል።

ስቱኮ በራሱ ኃጢአት የለበትም። ንጹህ ብረት ላይ የተመታን ቦታ ለማስተካከል የተሠራ ነገር ነው። ዝገት ላይ ሲለጠፍ ግን እርጥበት ይመጣል፣ ከሥሩም ይላቀቃል። ከሥር ያለው ብረት እየተበላ ከላይ ለወራት ያምራል። እነዚያ ወራት ለሻጩ ይበቁታል። ውስጡን ለቄስ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። መከላከያው ቀላል ነው፤ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በበሩ የታችኛው ክፍል ላይ አስጠጉ። ብረት በሆነ በር ላይ ማግኔቱ ከላይ ይዞ ከታች ከለቀቀ፣ በመካከሉ ወፍራም ስቱኮ አለ።

በሳዑዲ የመኪና ሐራጅ ላይ የሚሰማ አንድ አነጋገር አለ፤ «ኩመት ሐዲድ»፣ የብረት ክምር ማለት ነው። ሻጩ «የሸጥኩልህ የብረት ክምር ነው» ሲል፣ «ምንም ጉድለት ብታገኝ እኔን አትጠይቀኝ» ማለቱ ነው። የእስልምና ሊቃውንት በዚህ ላይ ብዙ ተወያይተዋል። ብዙዎቹ የደረሱበት ነጥብ ለማንም ሰው ግልጽ ነው፦ ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ ከደበቀ፣ ይህ አነጋገር ነፃ አያወጣውም። ስውር ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ ገዢው የመመለስ መብት እንዳለውም «ኺያር አል-ዐይብ» የሚለው የፊቅህ መርሕ ያስተምራል።

ነቢዩ ሙሐመድ በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ አስገብተው ሥሩ እርጥብ ሆኖ እንዳገኙት የሚናገረውን ሐዲስ በዚህ አገር የማያውቅ የለም። ሻጩ ዝናብ እንዳገኘው ሲነግራቸው፣ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነም ተናገሩ። የመኪና በር ሥርም እንደዚያ ክምር ነው። ላዩ ደረቅ፣ ሥሩ እርጥብ።

ለሾፌሮችና መኪና ወደ አገር ለሚልኩ

በየቤቱ ሾፌር ሆነው የሚሠሩ ወንድሞቻችን ይህን ማወቅ ይጠቅማቸዋል። በሩ ሥር እብጠት ሲታይ «የት አጋጨኸው?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ዝገት ከውስጥ እንደሚመጣና ከግጭት እንደሚለይ የሚያውቅ ሾፌር ራሱን መከላከል ይችላል። የተጋጨ ላሜራ ይሰረጉዳል ወይም ይፋቃል፤ የዛገ ላሜራ ወደ ውጪ ያብጣል። ለከፊሉ «ሰደእ ሚን ጁወ»፣ ዝገቱ ከውስጥ ነው፣ ብሎ የተደፈነውን ቀዳዳ ማሳየት ከብዙ ክርክር ይሻላል። ቀዳዳዎቹንም «ፈትሓት አት-ተስሪፍ» ይሏቸዋል።

ሌላው ጉዳይ ከዚህ ወደ ኢትዮጵያ የሄዱት መኪኖች ናቸው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሏ ይታወቃል። ቀድሞ ከገልፍ የገቡት መኪኖች ስለዚህ በቀላሉ የሚተኩ አይደሉም፤ ብዙ ዓመት መቆየት አለባቸው። በበራቸው ሆድ የያዙት የገልፍ ጨው በአዲስ አበባ ክረምት ሲዘንብበት ደግሞ ሥራውን ይቀጥላል። ከዚህ የሚላክ ማንኛውም ተሽከርካሪ፣ ኤሌክትሪክም ሆነ የሥራ መኪና፣ ከመጫኑ በፊት በሮቹ ከውስጥ በንጹህ ውሃ ታጥበው በፀሐይ ይድረቁ። ጅቡቲ እስኪደርስ የሚጠብቀው የባሕር አየር ነውና። በአገር ቤት ያሉት ባለቤቶችም ክረምት ከመግባቱ በፊት ቀዳዳዎቹን ይክፈቱ፤ ላቫጆ ሲሄዱም አጣቢውን ይህችን አንድ ነገር ይጠይቁት።

በመጨረሻም ለአገልግሎት ሰጪዎች አንድ ሐሳብ አለኝ። ያገለገለ መኪና ከመሸጡ በፊት የሚደረገው «ፈሕስ» ስለ ሞተሩና ስለ ካምቢዮው ይናገራል፤ ስለ ቀለሙም በመሣሪያ ይለካል። በዚያው ወረቀት ላይ የበሮቹ ሥርና ደፉ የሚጻፉበት አንድ መስመር ይጨመር። ለመርማሪው ጎንበስ ብሎ ማየትና በጣት መዳበስ ብቻ ነው። ለአንድ የዓመታት ቁጠባውን ይዞ ለቆመ ገዢ ግን ያ መስመር ከቀለሙ ድምቀት ሁሉ ይበልጥበታል። መስመሩ እስኪጨመር ድረስ ጎንበስ ማለቱ የራሳችን ሥራ ነው።